ለከብትዎ ቦለስ ከመስጠትዎ በፊት

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ በሸዋ ሮቢትና በዙሪያዋ ባለው የይፋት ቆላ ከብት የሚያረባ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ሣሩ ሞልቷል፤ በሬው ግን አልሞላም። ጠጉሩ ቆሟል፣ ጎኑ ጎድጉዷል። የላሟም ወተት ቀንሷል። ይህን ያየ ጎረቤት «ቦለስ ስጠው እንጂ!» ይላል። ባለቤቱም በገበያ ቀን ከሽንኩርቱና ከማሾው ተራ አለፍ ብሎ፣ ሸራ ላይ ከተዘረጋው መድኃኒት መካከል አውራ ጣት የሚያክል ክኒን ይገዛል። ማታውኑ ክኒኑ በበሬው ጉሮሮ ይወርዳል። ምን እንደያዘ፣ ለምን በሽታ እንደሚሰጥ፣ ስንት ኪሎ ለሚመዝን ከብት እንደተዘጋጀ ግን ሻጩም አልተናገረም፤ ገዢውም አልጠየቀም።

ውድ አንባቢ፣ የዛሬው ምክራችን በዚህ ክኒን ዙሪያ ነው። ከተማ የሚኖሩና ከብት የሌለዎት ቢሆኑም ጽሑፉን አይለፉት። ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በደሴ መንገድ ላይ ከሚገኘው ከሸዋ ሮቢት ገበያ የተገዛ በሬ ለፋሲካም ሆነ ለዐረፋ እርስዎ ቤት ሊደርስ ይችላል። በሬው የዋጠው መድኃኒትም አብሮት ይመጣል።

በመጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ቦለስ የአንድ መድኃኒት ስም አይደለም። ለትልልቅ እንስሳት እንዲሆን ተደርጎ የተዘጋጀ፣ በአፍ የሚሰጥ ትልቅ ክኒን ሁሉ ቦለስ ይባላል። «ቦለስ ሰጠሁት» ማለት «ክኒን ሰጠሁት» ከማለት አይለይም። ወዲያው መከተል ያለበት ጥያቄ «የምን ክኒን?» የሚለው ነው።

በእኛ አገር ገበያ ቦለስ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የትል መድኃኒት ነው። አልቤንዳዞል በስፋት ይታወቃል፤ አንዱ ክኒን ብዙ ጊዜ 2ሺ500 ሚሊ ግራም ይይዛል። ትራይክላቤንዳዞል የሚባለው ለጉበት ትል የሚሰጥ ነው። ቴትራሚሶልና ኦክሲክሎዛናይድ በአንድ ላይ የተቀላቀሉበትም አለ። እነዚህ ሁሉ ትሉን ገድለው በቀናት ውስጥ ከሰውነት ይወጣሉ። ቫይታሚን አይደሉም፤ አያሰቡም፤ ጉልበትም አይሰጡም። ትል የነበረበት ከብት ከወሰዳቸው በኋላ የሚያምርበት ምክንያት የሚበላውን መኖ የሚሻማው ትል ስለጠፋ ነው። ትል ያልነበረበት ከብት ግን ምንም አያተርፍም።

ሁለተኛው ዓይነት የማዕድን ቦለስ ነው። ይህኛው ከባድ ነው፤ ክብደቱም ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። የሚያመሰኳ እንስሳ ሆድ አራት ክፍሎች አሉት። ከእነዚህ መካከል ግድግዳው የማር እንጀራ የሚመስለው ሁለተኛው ክፍል ከሁሉም ዝቅ ብሎ ከፊት የሚገኝ በመሆኑ ከባድ ነገር ሲዋጥ እዚያ ይቀመጣል። ከብት የዋጠችው ሚስማር የሚገኘው በዚሁ ክፍል መሆኑን ቄራ የሠራ ሰው ያውቃል። የማዕድን ቦለሱም እዚያው ተቀምጦ ለወራት ቀስ በቀስ እየሟሟ መዳብ፣ ኮባልት፣ ሴሊኒየም ወይም አዮዲን ይለቃል።

ይህ ዘዴ የመጣው ከችግር ነው። በደቡብ አውስትራሊያና በኒው ዚላንድ ለምለም ሣር ላይ የዋሉ በጎችና ከብቶች እየከሱ ያልቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች መንስኤው በአፈሩና በሣሩ ውስጥ የኮባልት ማነስ መሆኑን ደረሱበት። የሚያመሰኳ እንስሳ ሆድ ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ቫይታሚን ቢ12ን የሚሠሩት ከኮባልት ነው፤ ኮባልት ሲጠፋ ቫይታሚኑም ይጠፋል፤ እንስሳውም እየበላ ይከሳል። በሰፊ መስክ የተበተነን መንጋ በየቀኑ ኮባልት ማጠጣት ስለማይቻል በ1950ዎቹ መጨረሻ ሆድ ውስጥ ተቀምጦ የሚሟሟ የኮባልት ክኒን ተሠራ። የዛሬዎቹ የማዕድን ቦለሶች የዚያ ክኒን ልጆች ናቸው።

እንግዲህ ቦለስ ምን ሊሠራ እንደሚችልና ምን እንደማይችል በሒሳብ እንየው። ከብት በሚበላው እያንዳንዱ ኪሎ ደረቅ መኖ ውስጥ 10 ሚሊ ግራም ያህል መዳብ ያስፈልጋታል። በቀን 6 ኪሎ ብትበላ 60 ሚሊ ግራም መሆኑ ነው፤ በስድስት ወር ቢደመር 11 ግራም አይሞላም። ይህ ክኒን ውስጥ ይገባል። ጨው ግን በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም ያስፈልጋታል፤ የአንድ ወሩ ብቻ ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። አንድ ኪሎ ክኒን የምትውጥ ላም የለችም! ፎስፈረስም፣ ፕሮቲንም፣ ኃይል ሰጪ ምግብም እንደዚሁ ናቸው። ስለዚህ «ጨውም፣ ምግብም፣ ጉልበትም በአንድ ክኒን» ብሎ የሚሸጥልዎ ሰው ሲያጋጥምዎ ገንዘብዎን ኪስዎ ውስጥ ያቆዩት።

ይፋት ጨውን ያውቃል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአሳል ሐይቅ የተጫነ ጨው በአፋር ግመሎች በረሃውን አቋርጦ አልዩ አምባ ገበያ ይራገፍ ነበር። ለከብት ጨው መስጠት ከዚያ ጀምሮ የኖረ ልማድ ነው። አሁን አሁን ግን «ዘመናዊው መድኃኒት» መጣ ተብሎ ጨው ሲረሳ ይታያል፤ ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ከብትዎ ግድግዳና ድንጋይ የሚልስ፣ ላብ ያለበትን ልብስና ገመድ የሚያኝክ፣ ሽንት የሚልስ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የጨው እጥረት ነው። በቀን ከአንድ እስከ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨው በመኖው ላይ መነስነስ፣ ወይም አሞሌ ዝናብ በማይደርስበት ቦታ ማስቀመጥ ይበቃል። ውኃ ግን በቅርብ መኖር አለበት። ለረጅም ጊዜ ጨው ያላገኘ ከብት በድንገት እንዳሻው ልሶ ውኃ ካጣ ሊመረዝ ይችላል።

አጥንት የሚያኝክ ከብት ጉዳይ ከዚህ ይለያል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የፎስፈረስ እጥረት ነው፤ በበጋ ደረቅ አገዳና ጭድ ብቻ የሚበላ ከብት ላይ ይታያል። የእጥረቱን ያህል አጥንቱም ያሰጋል፤ በአባሰንጋ የሞተ እንስሳ አጥንት ሊሆን ይችላልና። ከበሰበሰ ሬሳ የሚመጣ ሽባ የሚያደርግ መርዝም አለ። በመስክዎ ላይ ያለውን አጥንት ለቅመው በጥልቅ ይቅበሩ፤ ከአቅምዎ ጋር የሚስማማ ፉርሽካ ይጨምሩላቸው። ፉርሽካ ፎስፈረስ በብዛት አለው።

የምግቡን ነገር ሳናነሳ አናልፍም። በቀወትና በኤፍራታና ግድም ቆላ የበጋው ዋና መኖ የማሽላ አገዳ ነው። አገዳ ሆድ ይሞላል፤ ፕሮቲኑ ግን አነስተኛ ነው። ከትፎ መስጠት ብክነቱን ይቀንሳል። የማሾ ገለባ ከማሽላ አገዳ በፕሮቲን የተሻለ ስለሆነ በየአውድማው ተበትኖ ባይቀር፣ ባይቃጠልም መልካም ነው፤ ደርቆ ይከመርና ለምታጠባ ላምና ለሚያርስ በሬ ይቆይ። አተላ ካለ አተላ፣ ፋጉሎ መግዛት የሚችል ትንሽ ፋጉሎ ይጨምር። የተራበ በሬ አሥር ቦለስ ቢውጥ የተራበ በሬ ነው።

ታዲያ የማዕድን ቦለስ ለይፋት አያስፈልግም ማለት ነው? አይደለም። የሮቢ፣ የጀውሃና የአታዬ ወንዞች ውኃ የሚገባው ወደ አዋሽ ነው። በአዋሽ አካባቢ በሚረቡ የቤት እንስሳት ላይ ደግሞ የመዳብ እጥረት መኖሩን ፈረንሳዊው ተመራማሪ በርናርድ ፌይ ከባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት አሳይተዋል። በስምጥ ሸለቆ የተሠሩ ሌሎች ጥናቶችም ወደዚሁ ያመለክታሉ። መዳብ ያነሰው ከብት ጥቁር ጠጉሩ ወደ ቀይ ቡኒ ይደበዝዛል፤ በዓይኑ ዙሪያ ያለው ጠጉር ነጣ ብሎ መነጽር ያደረገ ያስመስለዋል፤ ላሟ ቶሎ ኮርማ አትፈልግም። በግልገሎች ላይ ሲብስ የኋላ እግራቸው ይተሳሰርና ይወድቃሉ።

ችግሩ ትልም ቢሆን፣ የጉበት ትልም ቢሆን፣ ረሃብም ቢሆን ጠጉርን ያቆማል፣ ሰውነትንም ያከሳል። በዓይን ብቻ አይለይም። በዚያ ላይ አንዱ አጥቢያ አፈሩ መዳብ ቢያንሰው ሌላው ላያንሰው ይችላል። ስለዚህ በመንጋዎ ላይ የተጠቀሱትን ምልክቶች ደጋግመው ካዩ ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም ይንገሩ፤ ከጥቂት ከብቶች ደም፣ ከታረዱትም ጉበት ተወስዶ ይመረመራል። የአካባቢው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ኮምቦልቻ ነው። እጥረቱ ከተረጋገጠ የማዕድን ቦለስ ዋጋውን ያወጣል፤ በተለይ በበጋ ከብቱ ወደ ሩቅ ግጦሽ ለሚሄድበትና በየቀኑ በእጁ ሊመግበው ለማይችል አርቢ። ካልተረጋገጠ ግን ውድ ግምት ነው። ከመጠን ያለፈ መዳብና ሴሊኒየም ደግሞ መርዝ ነው።

አሁን ወደ ትሉ እንመለስ፤ በብዙ ቤት የክሳቱ ምክንያት እሱ ስለሆነ።

የጉበት ትል ያለ ቀንድ አውጣ አይራባም፤ ቀንድ አውጣው ደግሞ ያለ ረግረግ። በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ሽንኩርትና አትክልት የሚለማባቸው የመስኖ ቦዮች፣ የወንዝ ዳር ሣሮች፣ ከብት ተረጋግጦ ያጨቀያቸው የውኃ መቅጃዎች ለቀንድ አውጣ የተመቹ ናቸው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1ሺ300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች በደጋው የሚታወቀው የጉበት ትልም፣ ግዙፉ የቆላ ዘመዱም ሊገናኙባት የሚችሉ ቦታ ናት። ከብቱ ከመንጋጋው ሥር ውኃ የቋጠረ ለስላሳ እብጠት ካወጣ፣ የዓይኑን ቆብ ገልበጥ ሲያደርጉት ከነጣ፣ ቀጠሮ አይስጡ።

ትክክለኛው መንገድ እበቱን ማስመርመር ነው። ጠዋት ከብቱ እንደጣለ፣ መሬት ካልነካው ክፍል ጥቂት እፍኝ በንጹሕ ፌስታል ይዘው በአቅራቢያዎ ወዳለው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ይሂዱ። የትሉ ዓይነት ከታወቀ መድኃኒቱ ይታወቃል። አልቤንዳዞል የሚገድለው ያረጀውን የጉበት ትል እንጂ ገና ጉበት እየበሳ የሚጓዘውን ጨቅላ አይደለም፤ ትራይክላቤንዳዞል ጨቅላውንም ይገድላል። ይህን ሳያውቁ በጥቅምት አልቤንዳዞል ሰጥተው በኅዳር ከብቱ ሲወድቅ «መድኃኒቱ ፎርጅድ ነው» ይላሉ። እርግጥ ፎርጅድም አለ፤ በፀሐይ የተንቃቃ፣ ጊዜው ያለፈበት፣ መለያው የተፋቀ ሞልቷል። የእንስሳት መድኃኒቶችን የሚመዘግበውና የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ነው። ፈቃድ ካለው መድኃኒት ቤት ወይም ከክሊኒክ ብቻ ይግዙ፤ ማሸጊያው ላይ ስሙን፣ መጠኑንና የሚያበቃበትን ቀን ያንብቡ፤ ማንበብ የሚከብድዎ ከሆነ ተማሪ ልጅዎን ይጥሩ።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። በአብዛኛው የሚመከረው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ዝናቡ ካበቃ በኋላና ክረምት ከመግባቱ በፊት መስጠት ነው። የበልግ ዝናብ በደንብ በጣለበት ዓመት ሐኪሙ ሊያሸጋሽገው ይችላል። በየወሩ መስጠት ገንዘብ ማባከን ብቻ ሳይሆን ትሉ መድኃኒቱን እንዲለምድ ማሠልጠን ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን አንዱን ቦለስ ለሁለት ከፍሎ ለሁለት በሬ መስጠት ነው። ደካማው ትል ይሞታል፤ ብርቱው ይተርፍና ይራባል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያ መድኃኒት በእርስዎም በጎረቤትዎም ግቢ አይሠራም። ስለዚህ የከብቱን ክብደት ይገምቱ። ሚዛን አያስፈልግም፤ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ከፊት እግሮቹ ወዲያ ከኋላ ደረቱን ዙሪያውን ይለኩ። ከዚያ ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫ አጥንቱ ርዝመቱን ይለኩ። ዙሪያውን በራሱ፣ ውጤቱን በርዝመቱ ያባዙና ለ10ሺ840 ያካፍሉ። ለምሳሌ ዙሪያው 140፣ ርዝመቱ 125 ሳንቲ ሜትር የሆነ በሬ ወደ 226 ኪሎ ይመዝናል። አልቤንዳዞል ለሆድ ትል በኪሎ 7 ነጥብ 5፣ ለጉበት ትል 10 ሚሊ ግራም ስለሚሰጥ ባለ 2ሺ500ው አንድ ክኒን ለዚህ በሬ በቂ ነው። 300 ኪሎ ለሚመዝን የደለበ በሬ ግን ለጉበት ትል አንዱ ያንሳል። ግምቱ የኪሎ ስሕተት ሊኖረው ይችላል፤ በዓይን «ይህ ትልቅ ነው» ከማለት ግን በእጅጉ ይሻላል።

ለማን እንደማይሰጥም ይወቁ። አልቤንዳዞል ኮርማ ካገኛት 45 ቀን ላልሞላት ላም አይሰጥም፤ ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል። ቴትራሚሶል ያለበት መጠኑ ሲያልፍ ቶሎ ይመርዛል፤ ከብቱ ለሃጩን ያዝረከርካል፣ ይንቀጠቀጣል። ለከብት የተሠራ የመዳብ ቦለስ ለበግ ፈጽሞ አይሰጥም፤ በግ መዳብን ጉበቱ ውስጥ አከማችቶ አንድ ቀን ዓይኑ ቢጫ፣ ሽንቱ ቀይ ሆኖ ይሞታል። የማዕድን ቦለስ አይሰበርም፣ አይፈጭም፤ ለስድስት ወር የታሰበው በአንድ ቀን ይለቀቃልና። ለትንንሽ ጥጆችም አይሆንም። እግረ መንገዳችንን፣ የከብቱን ክኒን ቆርሰው ራሳቸው የሚወስዱ ሰዎች አሉ። ለሰው የሚሰጠው አልቤንዳዞል 400 ሚሊ ግራም ነው፤ የከብቱ ከስድስት እጥፍ በላይ ነው። አያድርጉት፤ ነፍሰ ጡር ሴትም ክኒኑን በባዶ እጅ አትንካው።

አሰጣጡ ላይ ብዙ ከብት ይሞታል። በሬውን በደንብ ያሥሩት። አንገቱን ወደ ሰማይ አይጠምዝዙ፤ አፍንጫው ከዓይኑ ከፍ እንዳይል ይያዙት። ምላሱን ጎትተው አያውጡ፤ ምላሱ የተያዘ እንስሳ በወጉ መዋጥ አይችልም። በአፉ ጥግ፣ ጥርስ በሌለበት በኩል መስጫ መሣሪያውን አስገብተው ክኒኑን ከምላሱ ሥር መጨረሻ ላይ ይልቀቁት፤ አይግፉት፤ ጉሮሮ ይቀደዳል። ከዚያ አፉን ዘግተው ሲውጥ እስኪያዩ ይጠብቁ። የትል ክኒኑን ፈጭተው በውኃ የሚያጠጡ ከሆነ የመስታወት ጠርሙስ ይተዉ፤ በፕላስቲክ ጠርሙስ ጥቂት በጥቂት ይስጡት። ትን ካለው ወዲያው ጭንቅላቱን ይልቀቁ። ሳንባ የገባ መድኃኒት ከትሉ በፊት ይገድላል። የማዕድን ቦለስ ከሰጡ ደግሞ ተመልሶ ተተፍቶ እንደሆነ በማግስቱ በረቱን ይፈትሹ።

አሁን የምንለው ከከብቱ ይልቅ እርስዎን ይመለከታል። ለሃጩን የሚያዝረከርክ፣ መዋጥ ያቃተው፣ ድምፁ የጎረነነና ደጋግሞ የሚጮህ ከብት ሲያዩ «ጉሮሮው ላይ ነገር ተሰክቶበታል» ብለው እጅዎን አያስገቡ፤ ቦለስም ለመስጠት አይሞክሩ። የእብድ ውሻ በሽታ በከብት ላይ የሚታየው ልክ እንደዚህ ነው። በሽታው በለሃጭ ይተላለፋል፤ በእጅ ላይ ያለች ጭረት ትበቃዋለች። ምልክቱ ከታየ በኋላ ለሰውም ለከብትም መዳኛ የለውም። እጅዎን አስገብተው ከሆነ ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ይታጠቡና በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ በጊዜ የተሰጠ ክትባት ሕይወት ያድናል። «ከብቱ ይሙትና እንይ» ብለው አይጠብቁ። የሞተውን ከብት ሥጋም ለማንም አያከፋፍሉ።

በመጨረሻ ወተቱና ሥጋው። የትል መድኃኒት የወሰደች ላም ወተት ለተወሰኑ ቀናት ለሰው መጠጥ አይሆንም፤ ሥጋ ደግሞ ከዚያ የረዘመ፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ መቆየት አለበት። ቀኑ ከመድኃኒት መድኃኒት ስለሚለያይ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ይከተሉ። ለበዓል የሚያደልቡትን በሬ ትል ማስወገድ ያለብዎ ማድለብ በሚጀምሩበት ዕለት እንጂ በገበያው ዋዜማ አይደለም፤ ያኔ መኖዎም ከትሉ ይተርፋል፣ ቀኑም ይሞላል። የሰጡበትን ቀንና የመድኃኒቱን ስም በበረቱ በር ላይ በከሰል ይጻፉት። ደላላ መጥቶ በሬውን ሲጠይቅዎ መጀመሪያ በሩን ይዩ፤ ቀኑ ካልሞላ «ከሁለት ሳምንት በኋላ ና» ይበሉት።